ከማጂ እስከ አክራ፤ የሚናገረው ሳጥን ታሪክ

ቀፎ የሚለው ቃል በአማርኛ ሥራ በዝቶበታል። ንብ የሚገባበት ቀፎ ነው፤ በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው ሞባይልም ቀፎ ነው። ውስጡ ባዶ ሆኖ የሚጮህ ነገር ሁሉ ቀፎ ይባል ከተባለ ግን ከሁሉም በፊት ስሙ የሚገባው ለስፒከር ሳጥን ነበር። ዛሬ የምናወራው ስለ እሱ ነው። በካርቶን ታሽጎ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ከሱቅ ስለሚወጣው አይደለም። የሰፈር አናጢ ወይም ኤሌክትሪክ መነካካት የሚወድ ጎረምሳ ራሱ ለክቶ፣ ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ ኮላ ቀብቶ ስለሚገጥመው ነው።

ይህን ሳጥን የማያውቅ የእኛ ዘመን ሰው ያለ አይመስለንም። ዴክና ቴሌቪዥን ይዘው በሳንቲም ፊልም ያሳዩን በነበሩት ቪዲዮ ቤቶች በግራና በቀኝ ቆሞ ነበር። ካሴት ቤቶች በራፍ ላይ ወንበር ተደርጎለት መንገደኛውን ሁሉ ሲያስጨፍር ይውል ነበር። በሠርግ ድንኳን ውስጥም የሚዜዎቹን ድምፅ ውጦ የሚያስቀር እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ ከፊቱ ጥቁር ጨርቅ ወይም የሽቦ ወንፊት አለው፤ ጎኑ ቫርኒሽ ይቀባል፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ የሠሪው ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል። (ፊደሉ ሁሌም ትንሽ ዘመም ይላል።) ውስጡ ያለው ስፒከር ከመኪና የወለቀ፣ ከተሰበረ ቴፕ የተረፈ፣ ወይም ከመርካቶ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሳጥኑ ግን የአገር ልጅ ነው።

አሁን አሁን «ሆም ቴአትር» የሚባለው ነገር መጥቶ፣ አምስት ትንንሽ ስፒከሮችና አንድ ባስ ሳሎኑን ከበው ሲቆሙ፣ ያ የአናጢ ሳጥን ያረጀ ይመስላል። አላረጀም። እንዲያውም ሆም ቴአትሩን ራሱ በእንጨት የሚሠሩ ልጆች አሉ፤ ማጉያውን ገዝተው፣ የላስቲኩን ቀፎ ጥለው፣ ስፒከሩን በጣውላ ሳጥን መልሰው ይገጥሙታል። ለምን? ድምፁ ስለሚሻል ነዋ! እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ለምን እንደሚሻል ማየት ይኖርብናል፤ ኋላ ለምንተርከው ታሪክም ይጠቅመናል።

ስፒከር ማለት በመሠረቱ አንድ ማግኔት፣ አንድ የሽቦ ጥቅልና አንድ የወረቀት ቀንድ ነው። ኤሌክትሪኩ በሽቦው ሲያልፍ ወረቀቱ ወደፊትና ወደኋላ ይመታል፤ አየሩን ይገፋል፤ እኛም እንሰማለን። ዛሬ በሁሉም ቤት ያለውን ዓይነት የሠሩት ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ ሁለት የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ሲሆኑ፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1925 ነበር። ችግሩ ወረቀቱ ወደፊት ሲገፋ ከበስተኋላው ደግሞ መሳቡ ነው። የፊቱ አየርና የኋላው አየር ከተገናኙ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። በተለይ ወፍራሙ ድምፅ፣ ማለትም ባሱ፣ ድራሹ ይጠፋል። ማመን ያቃተው ካለ ከሳጥን የወጣ ስፒከር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ያጫውት፤ ትንኝ የምትዘፍን ነው የሚመስለው። ከዚያ በካርቶን መካከል ክብ ቀዳዳ ቀዶ ስፒከሩን እዚያው ይግጠመው። ያው ስፒከር፣ ያው ዘፈን፣ ሌላ ድምፅ! እንግዲህ የሳጥኑ የመጀመሪያ ሥራ የፊቱንና የኋላውን አየር ማፋታት ነው።

ፍቺው ግን እንደማንኛውም ፍቺ ጣጣ አለው። ውስጥ የታፈነው አየር እንደ ምንጭ ሽቦ ወረቀቱን መልሶ ይገፋዋል። አልበርት ቱራስ የተባለ የቤል ላብራቶሪ ሰው በ1930ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሳጥኑ ላይ የተለካ ቀዳዳ ቢበጅለት ያ የታፈነው አየር ራሱ ባስ ሆኖ እንደሚወጣ አሳየ፤ ፈቃዱንም አስመዘገበ። ሠፈር ውስጥ ከስፒከሩ ሥር የውኃ ቧንቧ ቁራጭ ተሰክቶ ስናይ «ይሄ ለጌጥ ነው» የምንለው ነገር የቱራስ ቀዳዳ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ ኤድጋር ቪልቸር የተባለ አሜሪካዊ መምህር ተቃራኒውን አደረገ። ሳጥኑን ጥርቅም አድርጎ ዘጋውና አየሩን በምንጭ ሽቦ ምትክ ተጠቀመበት፤ በዚህም ቁም ሣጥን ያክል የነበረውን ስፒከር መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ አደረገው። ቀዳዳው ስንት ሴንቲ ሜትር፣ ሳጥኑ ስንት ሊትር ይሁን የሚለውን ደግሞ አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል በ1961 በሂሳብ አስቀመጠው፤ ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ አሟላው። ከዚያ በፊት የዓለም መሐንዲስም እንደ እኛ አናጢ በግምትና በጆሮ ነበር የሚሠራው። (ይህን ለአናጢዎቻችን ብትነግሯቸው ደስ ይላቸዋል።)

ሁለተኛው የሳጥኑ ሥራ ዝም ማለት ነው። ክራር ወይም በገና ሠሪ ሳጥኑ አብሮ እንዲዘፍን ይፈልጋል፤ ስፒከር ሠሪ ግን አይፈልግም። ሳጥኑ አብሮ ከዘፈነ ዘፋኙን ያበላሻል። ስለዚህ ጣውላው ወፈር ይላል፤ ከውስጥ በኩል ማገር ይገባለታል፤ ባዶው ቦታ ጥጥ ወይም ስፖንጅ ይለጠፍበታል። ጎበዝ ሠሪ ከጨረሰ በኋላ በጣቱ መገጣጠሚያ ጎኑን ያንኳኳዋል። እንደ ከበሮ ከመለሰለት ሌላ ማገር ይጨምራል፤ እንደ ግድግዳ ካዳፈነው ይስቃል።

ታዲያ የደቡብ ምዕራብ ሰው በዚህ ረገድ ታድሏል፤ ደግሞም ተቸግሯል። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ያለው አገር ቡናው በጥላ ሥር የሚያድግበት ነው፤ ከጥላዎቹም አንዱ ዋንዛ ነው። ዋንዛ ለአናጢ የተፈጠረ ዛፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመላጊያ ሲልጉት ይታዘዛል፤ ሲደርቅ ብዙ አይጣመምም፤ ቀለሙ ያለ ቫርኒሽም ያምራል። በመላ አገሪቱ ከበሮው፣ በሩ፣ አልጋው፣ ሳጥኑ ከእሱ ሲሠራ ኖሯል። በዚያው ደን ውስጥ ከረሮም አለ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ የሚሄድ ግዙፍ ዛፍ ነው። ማጃንጊሮች ደግሞ ግንድ ፈልፍለው ለንብ ቀፎ ሲሠሩ የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ባዶ እንጨት ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ አገር ነው እንግዲህ።

ችግሩ ምንድነው? አንደኛ፣ ዋንዛ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ በስም ጠርቶ ከጠበቃቸው አራት ዛፎች አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ናቸው። አዋጁ የወጣው በምክንያት ነበር፤ እነዚህ ዛፎች እያለቁ ነበርና። ዛሬም ቢሆን አንድ ወጣት ለሁለት ስፒከር ብሎ ከመንግሥት ደን ዋንዛ ቢጥል አንደግፈውም። ከአሮጌ በርና ከተሰበረ ቁም ሣጥን የሚሠራውን ግን ባርኔጣችንን እናነሳለታለን፤ ደግሞም ለሃያ ዓመት በሰው ቤት የደረቀ ጣውላ ከእርጥብ ጣውላ ይሻላል። ሁለተኛው ችግር ዝናቡ ነው። ያ አገር በዓመት ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብበት ነው። ቺፕውድ እርጥበት ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣል፤ ሲደርቅም ይፈረፈራል። ኮምፔርሳቶ ይሻላል፣ ነገር ግን ስስ ስለሆነ ሁለት ሦስቱን በኮላ ደርቦ ማጣበቅ ይጠይቃል። እኛ ብንጠየቅ ምርጫችን ይኸው ድርብ ኮምፔርሳቶ ነው፤ ጠርዙን በሚገባ ቫርኒሽ ጠጥቶ።

የሠሪው ታሪክ ይህን ይመስላል። ሳጥኑ ግን አናጢያችን ከመወለዱ በፊት በሌላ መንገድ ወደ ሰው ቤት ገብቷል። ሰው ሳይሠራው፣ ሰው ሳይመርጠው፣ ከላይ ወርዶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የዚያ ታሪክ አንዱ ጫፍ የታሰረው ደግሞ ማጂ ላይ ነው። ይህን ስናገኝ መጀመሪያ የስም መመሳሰል መስሎን ነበር።

ማጂ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በምዕራብ ኦሞ ዞን ያለች ከተማ ናት፤ ከባሕር ወለል ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብላ የኦሞን ቆላ ቁልቁል የምታይ። የዲዚ ሕዝብ አገር ናት። በ1890ዎቹ ዓ.ም. ገደማ የምኒልክ ጦር ደርሶ ከተማ ቆረቆረባት፤ ከዚያም የዝሆን ጥርስ፣ የጠመንጃና የባርያ ንግድ አንድ ላይ ተጋምደው አገሩን አራቆቱት። ገበሬው ለነፍጠኛው ገባር ሆኖ ተከፋፈለ፤ ከፊሉም በሰንሰለት ወደ ሰሜን ተነዳ። ይህ አሁንም ቀለል ተደርጎ የሚነገር ታሪክ ነው። በትምህርት ቤት «መስፋፋት» በምትባል አንዲት ቃል ታልፎ ያለፈን ትውልድ ነን እኛ፤ ማጂ ላይ ግን ያቺ ቃል የሰው ቁጥር ናት።

ማጂ ከእንግሊዝ ሱዳንና ከኬንያ ወሰን ስለማትርቅ እንግሊዞች ዓይናቸውን ጣሉባት። ወሰን እየተሻገሩ የሚዘርፉትን፣ ዝሆን የሚያድኑትን፣ ባርያ የሚፈነግሉትን የሚከታተል ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። ስለዚህ ማጂ ላይ ቆንስላ ከፈቱ። እስቲ አስቡት፤ ከአዲስ አበባ በበቅሎ የሳምንታት ጉዞ፣ ከዚያ ጭጋግ ላይ የእንግሊዝ ባንዲራ! በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚያ ከተቀመጡት ቆንስላዎች አንዱ አርኖልድ ሆድሰን ይባላል።

ሆድሰን እ.ኤ.አ. በ1881 የተወለደ፣ በዛሬዋ ቦትስዋና በፖሊስነት ያገለገለ፣ ከ1914 ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ በቆንስላነት የቆየ ሰው ነው። መጀመሪያ ሜጋ ነበር፤ እዚያ ሳለ የኦሮምኛ ሰዋስው መጽሐፍ ከሌላ እንግሊዛዊ ጋር ሆኖ አሳትሟል። ኋላ ማጂ ተዛወረ። አንበሳ ማደን ይወድ ነበር፤ ስለ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የጻፈውንም መጽሐፍ «አንበሳ በሚነግሥበት» ብሎ ነው የሰየመው። መጽሐፉ የዘመኑ ነጭ አዳኝ መጽሐፍ ነው፤ አንበሳው ከሰው በላይ ቦታ ይዟል። የሆነ ሆኖ ስለ ደቡብ ምዕራቡ የባርያ ንግድ ወደ ለንደን ይደርስ የነበረው ወሬ ከፊሉ ከማጂ ይላክ ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን፣ በማግሥቱም ባርያ ነፃ ስለማውጣት አዋጅ ስታወጣ፣ እንደዚህ ያለው ወሬ የክርክሩ አንድ ማገዶ ነበር። ልብ በሉ፤ ማጂ በዓለም አደባባይ ይወራባት ነበር። እሷ ግን የሚወራውን አትሰማም። ደብዳቤው በሰው ትከሻ ይወጣል፤ መልሱ የመጣ እንደሆነም ለቆንስሉ እንጂ ለዲዚው አይነበብም።

ሰውየው ከማጂ ተነስቶ የት ሄደ መሰላችሁ? ወደ ዓለም ጫፍ! ከ1926 እስከ 1930 (እ.ኤ.አ.) በደቡብ አትላንቲክ የሚገኙት የፎክላንድ ደሴቶች ገዥ ሆነ። የማጂው መጽሐፉ በወጣበት በ1929 በዋና ከተማዋ በስታንሊ አንድ ነገር አስጀመረ። በአንድ ማዕከል ጥሩ መቀበያ ሬዲዮ ይተከላል፤ ከእሱ በእንጨት ምሰሶ ላይ ሽቦ ይዘረጋል፤ ሽቦው ወደየቤቱ ገብቶ አንዲት ስፒከር ያለባት ሳጥን ላይ ያበቃል። ባለቤቱ ሬዲዮ አይገዛም፤ ባትሪ አያስፈልገውም፤ አንቴና አይሰቅልም። ሳጥኗ ትናገራለች፣ እሱ ይሰማል። የደሴቱ ሰዎችም ሌላ ስም አልፈለጉም፤ «ሳጥኗ» ብለው ጠሯት።

ሆድሰን ከዚያ ወደ ሴራሊዮን ተሾመ። በ1934 (እ.ኤ.አ.) ያንኑ ሽቦና ሳጥን በፍሪታውን ዘረጋ፤ በእንግሊዝ ምዕራብ አፍሪካ የመጀመሪያው የሕዝብ ሬዲዮ አገልግሎት ሆነ። በዚያው ዓመት ጎልድ ኮስት፣ ማለትም የዛሬዋ ጋና፣ ገዥ ተባለ። ሐምሌ 31 ቀን 1935 (እ.ኤ.አ.)፣ የንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የንግሥ ሃያ አምስተኛ ዓመት በተከበረበት ዓመት፣ «ዜድ ኦ ዋይ» በሚል መጠሪያ የአክራው ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ሥራውን የመራው ባይረን የተባለ መሐንዲስ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ሦስት መቶ ገደማ ነበሩ። የዛሬው የጋና ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያች ቀን ነው፤ በታሪኩም የአንድ የቀድሞ የማጂ ቆንስል ስም መጀመሪያ ገጽ ላይ አለ። ማጂ ራሷ ይህን ታውቅ ይሆን?

ታዲያ ያ ሳጥን ምን ነበረው? አንድ ስፒከር፣ አንድ ሽቦ፣ አንድ የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፍ። ጣቢያ መቀየሪያ አልነበረውም። ከለንደን የሚመጣውን የቢቢሲን የቅኝ ግዛት አገልግሎት (እሱም በታኅሣሥ 1932 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው) እና ጣቢያው የጨመረበትን ያስተላልፋል፤ አድማጩ የሚወስነው ጮክ ይበል ወይስ ዝም ይበል የሚለውን ብቻ ነው። ለዚህ ሥርዓት ጥብቅና የሚቆሙ ሰዎች ርካሽ ነበር ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። በዚያ ዘመን አጭር ሞገድ የሚቀበል ሬዲዮ የሠራተኛ ሰው ኪስ የሚደፍረው አልነበረም። ድሃውን ሰው ከዓለም ወሬ ጋር ያገናኘ ነገር በመሆኑ ሆድሰንን መርገም ብቻ ትክክል አይመስለንም። ነገር ግን ርካሽነቱና አፋኝነቱ አንድ ሽቦ ላይ ነበር የተሰቀሉት። ሮምና በርሊን በአየር ሞገድ እየጮኹ ሳለ መቀየሪያ የሌለው ሳጥን ለገዥ እንዴት ያለ ምቾት እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ስታሊንም ቢሆን ያንኑ ነው የመረጠው፤ በሶቪየት ኅብረት ቤቶች ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ጥቁር ሳህን የሚመስል ስፒከር እንዲሁ በሽቦ የሚመጣን አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣ ነበር። በሌላው ሁሉ የተጣሉ ቅኝ ገዥና ኮሙኒስት ሳጥኑ ላይ ተስማሙ።

የእኛስ አገር? የአቃቂው ጣቢያ ሥራ የጀመረው በመስከረም 1928 ዓ.ም. ነው። ይህም ከአክራው ሳጥን ከሁለት ወር ያነሰ ጊዜ በኋላ መሆኑ ነው፤ የጣሊያን ጦር መረብን ሊሻገር ሳምንታት ሲቀሩት። ጣቢያው በዋነኛነት ለውጭው ዓለም የሚጮህ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታቸውን ያሰሙበት ዓይነት። ጣሊያን ሲገባ ድምፅ ማጉያ በአደባባይ ሰቅሎ ለራሱ ወሬ ተጠቀመበት፤ ከነፃነት በኋላም አዲስ አበቤ ዜና ለመስማት አደባባይ ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ሥር መቆሙ አልቀረም። በየቤቱ ሽቦ የመዘርጋት ነገር እንደ አክራ አልተስፋፋም። ለዚህ መልካም አሳቢነት ሳይሆን የመስመር እጦት ሳይረዳን አልቀረም!

ማጂና ሚዛን ላይ ሬዲዮ በእውነት የደረሰው ትራንዚስተር የሚባለው ነገር ከመጣ በኋላ ነው። በድንጋይ (ባትሪ ማለታችን ነው) የሚሠራ፣ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል፣ ከሁሉም በላይ ጣቢያ መቀየሪያ ያለው። በየካቲት 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የሉተራውያኑ ብሥራተ ወንጌል ጣቢያ በአጭር ሞገድ እስከ ሩቅ አገር ይሰማ ነበር፤ በመጋቢት 1969 ደርግ ወርሶ «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» እስካለው ድረስ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቤት ውስጥ የተደረገው ይታወቃል፤ በቀን በጮክታ የመንግሥቱ፣ በማታ በሹክሹክታ የውጭዎቹ። መቀየሪያዋ ትንሽ ጎማ ሳትሰማ ትሽከረከራለች፤ ሰውዬውም ጆሮውን ወንፊቱ ላይ ይለጥፋል። ያም ሆኖ በንጉሡም በደርጉም ዘመን ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሬዲዮ ለዲዚው በዲዚኛ አልተናገረውም። መቀየሪያ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ መቀየሪያው የሚያርፍበት ቦታ መኖሩ ሌላ።

የአናጢው ሳጥን ከዚህ ሁሉ የሚለየው እዚህ ላይ ነው እንላለን። ከካሴት ጋር የመጣ ልጅ ነው። ካሴት ደግሞ ማንም የሚቀዳበት ነገር ነበር፤ ሁለት ካሴት የሚውጥ ቴፕ ያለው ሰው የራሱ ማተሚያ ቤት ነበረው ማለት ይቻላል። (የቅጂ መብት ጉዳይ ዘፋኞቻችንን ያስለቀሰ ሌላ ጉድ ነው፤ ለሌላ ቀን እናቆየው።) ሳጥኑን የሠራው ሰው ሽቦውን ከየት እንደሚያመጣ ራሱ ይወስናል። ዘፈን ቢሻ ዘፈን፣ መዝሙር ቢሻ መዝሙር፣ ስብከት ቢሻ ስብከት። ጎረቤት እንዳይተኛ የሚያደርገውም ራሱ ነው፤ ይህንንም ነፃነት ብለን አናሞግሰውም። ቢያንስ ግን ጠብ ሲነሳ የምንሄድበት በር ይታወቃል። የሆድሰንን ሳጥን አልወደድኩትም ያለ የአክራ ሰው አቤት የሚለው ለገዥው ነበር።

ወደ ስታንሊ አንድ ጊዜ እንመለስ፤ የሆድሰን ሳጥን እዚያ ረጅም ዕድሜ ኖሯልና። ሚያዝያ 1 ቀን 1982 (እ.ኤ.አ.) ምሽት የዚያን ጊዜው ገዥ ሬክስ ሀንት በሬዲዮ ቀርበው የአርጀንቲና ጦር እየመጣ መሆኑን ለነዋሪው ተናገሩ። የጣቢያው ኃላፊ ፓትሪክ ዋትስ ሌሊቱን ሙሉ ከማይክሮፎኑ አልተነሳም። ጥይቱ ሲጀምር ሰዎች በየቤታቸው ወለል ላይ ተኝተው ወደ ጣቢያው ስልክ መደወል ያዙ፤ በመስኮት ያዩትን ይነግሩታል፣ እሱም በቀጥታ ያስተላልፈዋል። የአንዱ ቤት ሰው ያየውን የሌላው ቤት ሰው ከሳጥኗ ሰማ። ከላይ ወደታች ብቻ ትናገር ዘንድ የተሰቀለችው ሳጥን በዚያች ሌሊት ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ተናገረች። ጠዋት ላይ ወታደሮች ስቱዲዮው ገቡ።

በእኛ በኩል ያለችው ሳጥን ደግሞ ዛሬ ካሴቱን ጥላለች። በጀርባዋ የፍላሽ መሰኪያ ያላት ትንሽ ማጉያ ተገጥሞላታል፤ መብራት በሌለበት ቀን በሶላር ባትሪ ትሠራለች። በሠርግ ላይ በሞባይል የተቀዳ የአንድ መንደር ዘፈን፣ ነፋሱና የልጆቹ ጫጫታ ሳይቀር፣ በሜሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ እሷ ጋ ይደርሳል። ቀረጻው ጥራት የለውም። ባሱን ከፍ ሲያደርጉት ከበሮውና ነፋሱ ይደባለቃሉ፤ ሠሪው ስፖንጅ ጨምሮበት፣ ቀዳዳውን በጨርቅ ጠበብ አድርጎ እንደገና ይሞክረዋል።